ጋሽ ግራምና የእህቴ መጥበሻ

ወሬውን ይዞ የመጣው ፀጉር አስተካካዩ ነው። ማክሰኞ ጠዋት፣ ማኪያቶው ገና ጠረጴዛው ላይ ሳያርፍ ወንበሩን ወደ እኔ ጎተተና፣ «ጉድ ልንገርህ» አለኝ። «ጋሽ ግራም ቅዳሜ ዕለት የሰው መጥበሻ ተሸክመው ተራራው ጫፍ ድረስ ወጡ። የብረት መጥበሻ!»

ሳቅኩ። ካፌው በሙሉ ሳቀ። ድመት የአይጥ ሞግዚት ሆና ተቀጠረች ቢለን ደመወዟን ጠይቀን እናምነው ነበር። ጋሽ ግራም የሰው ዕቃ ተሸከሙ ማለት ግን ሌላ ነገር ነው። እንኳን የሰው መጥበሻ፣ የራሳቸውን የልብስ ቁልፍ ሲሸከሙ እንኳ የሚያጉረመርሙ ሰው ናቸው።

እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ሰፈር የለም፤ ከሌለም ሰፈሩ ገና አልተሟላም። እኔና እናንተ ነገርን በዓይናችን አይተን፣ በጆሯችን ሰምተን እናምናለን። እሱ ካልመዘነ አያምንም። የእኛው፣ ክቡር ጋሽ ግራም፣ ሠላሳ ዓመት በፖስታ ቤት የጥቅል መስኮት ተቀምጠው የሕዝብ ጥቅል ሲመዝኑ ኖረዋል። ጡረታ ሲወጡ መሥሪያ ቤቱ የእጅ ሰዓት ሸለማቸው። ሰዓቱን መዘኑት፤ ከበዳቸው፤ ለአማቻቸው ሰጡት። አሁን ሰዓት ሲያስፈልጋቸው አላፊ አግዳሚውን ይጠይቃሉ። የሰው ሰዓት አይከብድም።

ለራሳቸው ያስቀሩት አንዲት ዲጂታል ሚዛን ናት። መዳፍ የምታክል፣ ከመጫወቻ ካርታ ፓኮ የቀጠነች፣ በመነጽር መጥረጊያ ጨርቅ ተጠቅልላ በደረት ኪሳቸው የምትውል። አውጥተው ጠረጴዛ ላይ ሲያስቀምጧት ካፌው ጸጥ ይላል። ዜሮ እስክታሳይ ይጠብቃሉ። ከዚያ እጃቸውን አንስተው «ትንፋሽ!» ይላሉ። ያዙ ማለታቸው ነው፤ ትንፋሽም ይመዝናላ።

ማዕድ ቤታቸው ከመድኃኒት ቤት አይለይም። ሩዝ በግራም፣ ውኃ በግራም፣ ሽንኩርት ከመላጡ በፊትና ከተላጠ በኋላ። ባለቤታቸው መቼም ታጋሽ ሴት ናቸው፤ አንድ ቀን ግን ትዕግሥታቸው አልቆ፣ «ሾርባው ላይ አንድ ቁንጥር ጨው ጣል ማድረግ እንዲህ ያስቸግራል?» ብለው ጠየቁ። ጋሽ ግራም ባለቤታቸውን ሃያ ጊዜ ጨው አስቆንጥረው እያንዳንዱን መዘኑ። ውጤቱ እስከ ዛሬ የማዕድ ቤቱ በር ላይ ተለጥፎ ይነበባል፤ «የባለቤቴ ቁንጥር፦ ግማሽ ግራም። ስትቆጣ፦ አንድ ግራም ከሩብ።»

ይህ የቤቱ ነው። የተራራው ይብሳል። ጋሽ ግራም የሰፈራችን የቅዳሜ ተጓዦች መሪ ናቸው። ቦርሳቸው ስድስት ኪሎ ነው፤ ስድስት ኪሎ ከአንድ ግራም ሆኖ አያውቅም። የጥርስ ብሩሻቸው እጀታ በመጋዝ ተቆርጦ፣ ጫፉ በሞረድ ለስልሶ፣ በሁለት ጣት ብቻ ይያዛል። የማንኪያቸው እጀታ ተበሳስቷል፤ ሲነፋ ዋሽንት ይሆናል ይባላል፤ እኔ አላረጋገጥኩም። ልቦለድ ይዘው ሲወጡ ያነበቡትን ገጽ ገንጥለው ቤት ይተዋሉ። አንድ ጊዜ ግማሽ መንገድ ላይ የወንጀል ታሪክ ሲያነቡ አገኘኋቸውና፣ «የሞተው ማን ነው ጋሼ?» ብላቸው፣ «እሱ ቤት ነው ያለው» አሉኝ።

«ይቺ ደግሞ ምን አላት?» የሚል ሰው ካጋጠማቸው መልሳቸው አንድ ነው፤ «አንተ ባታውቃት ዳገቱ ያውቃታል። ሰው ይዋሻል፤ ዳገት አይዋሽም!»

እኔም አፌ አያርፍምና አንድ ቀን፣ «ለመሆኑ ሚዛኗ ራሷ ስንት ትመዝናለች?» ብዬ ጠየቅኳቸው። ፊታቸው ዐመድ መሰለ። ሦስት ቀን ካፌ አልመጡም። በአራተኛው ቀን ሁለተኛ ሚዛን ገዝተው ብቅ አሉ።

«አንድ መቶ አርባ ሁለት ግራም!» አሉኝ፣ ገና ከበሩ።

«ሁለተኛዋስ?»

«እሷን ደግሞ የመጀመሪያዋ መዘነቻት።»

«እርስ በርስ ተመሰካከሩ በሉኛ! ሌቦችም እኮ እንደዚሁ ናቸው።»

ለአንድ ሳምንት አላናገሩኝም።

እንግዲህ እህቴ የምትገባው እዚህ ላይ ነው። ታላቅ እህቴ ልብስ ሰፊ ናት። ሠላሳ ዓመት የሰፋችው አንድ መስኮት ሥር ተቀምጣ ነው፤ በመስኮቱ፣ በሁለት ፎቆች መሐል፣ ያ ተራራ ይታያል። አምና ጉልበቷን ቀዶ ጥገና ተደረገች። ዘንድሮ ሐኪሙ፣ «ቀስ እያልሽ፣ ሸክም ሳታበዢ ከሆነ ውጪው» አላት። ከሐኪሙ ቤት በቀጥታ የሄደችው ጋሽ ግራም ዘንድ ነው።

«ሠላሳ ዓመት ሙሉ እሱ ከላይ ሆኖ አየኝ» አለቻቸው። «አንድ ቀን እኔ ከላይ ሆኜ መስኮቴን ልየው። ከዚያ እዚያው እንቁላል ጠብሼ እበላለሁ። ሳልጠብስ ከወረድኩ ወጣሁ አልልም።»

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ጋሽ ግራም ቤት የእሷ ቦርሳ ምዘና ሆነ። ለእሷ ጉልበት የተፈቀደው ሦስት ኪሎ ነው። ዕቃዋ አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ ወጣ፤ ሹራብ፣ ውኃ፣ ዳቦ፣ በትንሽ ጠርሙስ ዘይት፣ ፎጣ። ሁሉም አለፈ። መጨረሻ ላይ መጥበሻው ወጣ። ስፌት የጀመረች ዓመት የገዛችው የብረት መጥበሻ ነው፤ የእንጨት እጀታ አለው፤ እጀታው ጫፍ ላይ ምድጃዋ አጠገብ ሚስማር ላይ የሚሰቀልበት የብረት ቀለበት አለ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አሉ ጋሽ ግራም።

«መጥበሻ ነዋ፣ ጋሼ።»

«መጥበሻ መሆኑንማ አየሁ። ምን ሊሠራ ነው የሚመጣው?»

«ሊጠብስ።»

«ትንፋሽ!» አሉ። ቁጥሩን አዩ። ለቤተሰብ ክፉ ዜና እንደሚነግር ሐኪም መነጽራቸውን አወለቁ። «አንድ ሺህ አንድ መቶ አርባ።»

«ለሁለት እንቁላል እኮ ነው፣ ጋሼ! ምን አላት?»

«አንቺ ባታውቂው ዳገቱ ያውቀዋል።»

«እኔ ልሸከምላት» አልኩ፣ ወንድምነት ይዞኝ።

ሆዴን ከላይ እስከ ታች አዩት። «አንተ ያንን ተሸክመህ ከደረስክ ይበቃሃል» አሉኝ። ወደ እሷ ዞረው፣ «ወይ መጥበሻው ወይ ጉልበትሽ። ምረጪ» አሏት።

እህቴ ሌላውን ዕቃዋን ሰብስባ ወጣች። መጥበሻው ጋሽ ግራም መደርደሪያ ላይ ቀረ። ቅዳሜ ጠዋት ግን ሁለት ጥሬ እንቁላል በሱፍ ጨርቅ ጠቅልላ መጣች።

«መጥበሻ ሳይኖር?» አልኳት።

«ተስፋ አይመዘንም» አለችኝ።

የዚያን ቀን ነፋሱ ጆሮ ይቆርጥ ነበር። ፀጉር አስተካካዩ ሳይቀር ሁላችንም እስከ አፍንጫችን ተጠቅልለን ጋሽ ግራም በሸሚዝ ብቻ ናቸው። «ጃኬቱስ?» ስላቸው፣ «ብርድ ደም ያንቀሳቅሳል» አሉኝ። ዕረፍት ስናደርግ ሁልጊዜ የሚያነጥፏትን የስፖንጅ መቀመጫ አላነጠፉም፤ ባዶ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው እንደ ዶሮ ይቁነጠነጣሉ። ሻይ ሲቀዳ ኩባያዬ ጠፋኝ ብለው ከእኔ ተቀበሉ። ጉዱ ግን አጃቸውን ሲያበስሉ መጣ፤ በእፍኝ ሰፈሩ! ጨውን በጣታቸው ቆነጠሩ!

«ሚዛኗስ፣ ጋሼ?»

«ባትሪዋ አልቆ።»

ታመው ይሆናል ብዬ ሰጋሁ።

እህቴ ሃያ እርምጃ ትሄዳለች፣ ትቆማለች፣ ሃያ እርምጃ ትሄዳለች። ጋሽ ግራም ከኋላዋ እየቆጠሩላት ይከተላሉ። የመጨረሻው ጠመዝማዛ ላይ ስንደርስ ተቀመጠች። ጉልበቷን በሁለት እጇ ያዘችው። «በቃኝ» አለች፤ ቀና ብላም አላየችንም። ጫፉ እዚያ ይታያል፤ ድንጋይ ቢወረወር ይደርሳል።

«አምጪ ቦርሳሽን» አሉ ጋሽ ግራም በቁጣ። «የዕቃው አቀማመጥ ልክ አይደለም። መጀመሪያም ነግሬሽ ነበር።» የእሷንም የራሳቸውንም ቦርሳ ይዘው ከአንድ ትልቅ ድንጋይ ጀርባ ገቡ። ሲመለሱ የእሷን ቦርሳ አልሰጧትም፤ «አቀማመጡን እኔ ራሴ ልሞክረው» ብለው በደረታቸው አንጠልጥለው ወደ ላይ ቀደሟት። እህቴ ንብረቷን ተከትላ ተነሣች። በሠላሳ ዓመት አንድ ቁራጭ ጨርቅ እንኳ ጥላ የማታውቅ ሴት ናት።

ወጣች። ከላይ ሆና በሺህ ከሚቆጠሩ መስኮቶች መሐል የራሷን ፈለገች። አንዲት መስታወት ፀሐይ መትቷት ታበራለች። «ያቺ ናት!» አለች። ትሁን አትሁን እግዜር ይወቅ፤ ማንም አልተከራከራትም። ከዚያ እንቁላሎቿን ልታወጣ ቦርሳዋን ከፈተች፤ መጥበሻው ቁጭ ብሎ ይጠብቃታል።

ዘወር አለችና ግንባሬን ሳመችው። «የኔ ወንድም! ደብቀህ አመጣህልኝ!»

እኔ አይደለሁም ልል አፌን ከፈትኩ። ዘይቱ መንጫጫት ጀመረ። አፌን ዘጋሁ። ያልሠሩትን ኃጢአት መካድ ቀላል ነው፤ ያልሠሩትን ጽድቅ መካድ ግን ብርታት ይጠይቃል፤ እንቁላል እየተጠበሰ ደግሞ አይቻልም። በልቤ ፀጉር አስተካካዩ ያመጣው ይሆናል ብዬ ጠረጠርኩ፤ ከሁላችን ትልቁ ቦርሳ የእሱ ነው። ጋሽ ግራም፣ «ዘይት በዝቶበታል» እያሉ ግማሹን በሉት።

እና ማክሰኞ ዕለት ያው የጠረጠርኩት ፀጉር አስተካካይ መጥቶ፣ «ከድንጋዩ ጀርባ ከቦርሳቸው ሲያወጡት በዓይኔ አየሁ» አለኝ። አላመንኩም። ወሬ ነው ብዬ ሒሳቤን ከፍዬ እህቴ ቤት ሄድኩ።

እህቴ መጥበሻውን ይዛ ሚስማሩ ሥር ቆማለች። «አልሰቀል አለኝ» አለች።

አየሁት። ቀለበቱ የለም። የእጀታው ጫፍ አንድ ጣት ያህል ተቆርጧል፤ የተቆረጠበት በሞረድ ለስልሷል። ይህንን ሞረድ አውቀዋለሁ። ጥርስ ብሩሽ ላይ አይቼዋለሁ።

እህቴ እኔን አየች፤ መጥበሻውን አየች፤ መልሳ እኔን አየች። «አንተ በዕድሜህ መጋዝ ይዘህ አታውቅም» አለችኝ። «ያን ቀን አፍህ ለምን ሥራ እንደበዛበት አሁን ገባኝ።»

አትክልት ቤት ወስደን አስመዘንነው፤ አንድ ሺህ ስልሳ ሁለት። የጋሽ ግራምን የዕቃ ክብደት እኛ ሰፈር ልጅ ሁሉ እንደ ማባዣ ሠንጠረዥ በቃሉ ያውቀዋል። ጃኬቱ ስድስት መቶ አርባ። የስፖንጅ መቀመጫው አንድ መቶ ሃያ። ኩባያው አንድ መቶ ስልሳ። ሚዛኗ አንድ መቶ አርባ ሁለት። ደመርኩት፤ አንድ ሺህ ስልሳ ሁለት። አንዲት ግራም አልተዛነፈችም። ሰውየው ለእህቴ መጥበሻ ቦታ ለመስጠት ሙቀታቸውን፣ መቀመጫቸውን፣ ሻያቸውን፣ ከሁሉም በላይ ዓይናቸው የሆነችውን ሚዛን ቤት ትተው ወጥተዋል። ስድስቱን ኪሎ ግን አላፈረሱም።

እህቴ ከአሮጌ ጃንጥላ ጨርቅ ቆርጣ፣ በመጥበሻው ልክ ቀጭን ከረጢት ሰፋች። «ውሰድላቸው» አለችኝ። «አንዲት ቃል እንዳትናገር።» እኔን ዝም በል ማለት ውኃን ዳገት ውጣ ማለት ነው፤ ግን ተቀበልኩ።

ጋሽ ግራም በሩን ከፈቱልኝ። ከረጢቷን ሲያዩ እጃቸው ወደ ደረት ኪሳቸው ሄደ። «ትንፋሽ!» አሉ። ያዝኩ። «ሃያ ስድስት ግራም» አሉ በሹክሹክታ፤ የመጀመሪያ የልጅ ልጃቸውን እንዳዩ ሁሉ ፊታቸው በራ። ወዲያው ኮስተር አሉ። «ለምን የሚሆን ነው?»

«ለመጥበሻ ነው አለች።»

«እኔ የምሸከመው መጥበሻ የለኝም።»

ከበሩ ጀርባ የቤቱ ቁልፎች ተሰቅለዋል። የተሰቀሉበት የብረት ቀለበት ነው፤ ቀለበቱ ላይ የጣት ቁመት ያላት እንጨት አለች፤ ጫፏ ለስልሷል። የምላስ ነገር፣ አልቻልኩም።

«ጋሼ፣ የእህቴን መጥበሻ ተሸክመው ወጡ እየተባለ ነው።»

«ማነው ያለው?»

«ፀጉር አስተካካዩ።»

«እሱ ጆሮና ፀጉር የማይለይ ሰው ነው!»

«ጃኬቱስ?»

«ታጥቦ አልደረቀም።»

«ይሄ ቁልፍ መያዣስ?»

ቁልፉን ከነእንጨቱ ነጥቀው ሱሪ ኪሳቸው ከተቱት። ኪሳቸው ወደ ታች ተጎተተ።

«እኛ ባናውቅ ዳገቱ ያውቀዋል፣ ጋሼ» አልኳቸው። «ሰው ይዋሻል፤ ዳገት ግን...»

ከረጢቷን አራት ቦታ አጥፈው ከሚዛኗ ጋር ደረት ኪሳቸው ውስጥ አስተኟትና ቀጥ ብለው ቆሙ።

«ስማ!» አሉኝ። «መጥበሻ አልያዝኩም፤ አልቆረጥኩም፤ ድንጋይ ጀርባም አልሄድኩም፤ ከተወለድኩ ጀምሮ የማንንም ዕቃ ተሸክሜ አላውቅም። ዳገቱም ይዋሻል!»