ሰፊውን ፎቶ ለሦስት የቆረጠው ስብሰባ

አንተ! አዎ፣ አንተን ነው። ጀልባ እስኪመጣ ሰሌዳው ስር ቆመህ ማስታወቂያ የምታነበው። «የኮሚቴ ነገር ነው፣ እኔን አይመለከተኝም» ብለህ ዓይንህን ልታሻግር ነው፤ አውቅሃለሁ። ይመለከትሃል። አንተም እዚህ ዳርቻ ላይ አገጭህን ቀና አድርገህ ፎቶ ተነስተሃል። ከኋላህ የሚታየው ነገር የማን እንደሆነ ጠይቀህ ታውቃለህ? አታውቅም። እንግዲያው ቁምና አንብብ።

የውሃ ዳር ፎቶ አንሺዎች ማኅበር የኮሚቴ ስብሰባ

ቀን፦ ሐሙስ፣ ከምሳ በኋላ፣ ደንበኛ በማይመጣበት ሰዓት።

ቦታ፦ ከጀልባ ትኬት መሸጫው ጀርባ ያለው መጋዘን። ወንበሩ አንድ ስለሆነና እሱም ለሰብሳቢው ስለሆነ፣ ሌሎቻችን የነፍስ አድን ጃኬት ቁልል ላይ ተቀምጠናል።

የተገኙ፦

ጋሼ ማማ፣ ሰብሳቢ። አሮጌውን የድንጋይ ማማ ከኋላ አድርገው ሰው የሚያነሱ። የአክስቴ ባል ናቸው። ዝምድናው በውሳኔው ላይ ምንም ተጽዕኖ አላሳደረም፤ ቢያሳድር ኖሮ ለኔ ይሻል ነበር።

እትዬ ሞገድ፣ አባል። ውሃውና የጀልባ ማሰሪያው የሳቸው ነው።

ወፎ፣ አባል። የዱር እንስሳት ዘርፍ። ወፎቹም ጉማሬውም በሱ ስር ናቸው።

እኔ፣ ጸሐፊ። በተጨማሪም ተከሳሽ።

ምልዓተ ጉባኤ፦ ደንባችን አምስት ሰው ይላል። ማኅበሩ ከተቋቋመ ጀምሮ ያለነው አራት ነን። ስለዚህ ጋሼ ማማ አንዴ እንደ ሰብሳቢ፣ አንዴ እንደ ተራ አባል ተቆጥረው ሞልቷል። ተራ አባሉ ጋሼ ማማ ቀኑን ሙሉ ከሰብሳቢው ጋር አንዴም አልተለያዩም።

ተከሳሽ እንዴት ጸሐፊ ይሆናል የሚል ጥያቄ ተነስቶ ነበር። ያነሳሁት እኔ ነኝ። ወፎ የጻፈውን ወፎ ራሱ ማንበብ አይችልም፣ እትዬ ሞገድ መነጽራቸውን ቤት ረስተዋል፣ ሰብሳቢ ደግሞ አይጽፍም። «አንተው ጻፍ፤ ብቻ ስትጽፍ ፊትህን አታጥቁርብን» ተብዬ ጀምሬያለሁ።

አጀንዳ አንድ፦ ያለፈውን ቃለ ጉባኤ ማጽደቅ

ሰብሳቢው፣ ባለፈው ቃለ ጉባኤ ላይ «ሰብሳቢው እንደ ልማዳቸው ጮኹ» የሚል ስላለ ይሰረዝልኝ ሲሉ ጮኸው ጠይቀዋል። ከረጅም ውይይት በኋላ «እንደ ልማዳቸው» የሚለው እንዲሰረዝ፣ «ጮኹ» የሚለው ግን ትኬት ሻጯም ስለሰማች እንዲቆይ ተወስኗል።

አጀንዳ ሁለት፦ ክሱ

ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። እዚህ ዳርቻ ላይ ባክግራውንድ የተከፋፈለ ነው። ማማውን የፈለገ ደንበኛ ጋሼ ማማ ጋ ይሄዳል፤ ውሃ የፈለገ እትዬ ሞገድ ጋ፤ ወፍና ጉማሬ የፈለገ ወፎ ጋ። ሁሉንም የፈለገ ሦስቱም ጋ ይዞራል፣ ሦስት ጊዜ ይከፍላል፣ ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ፈገግታው አልቋል። አንዱ የሌላውን ባክግራውንድ በጠርዝ በኩል እንኳ ካስገባ ጥፋት ነው። እኔ መጨረሻ የገባሁ ስለሆንኩ የደረሰኝ የፓምፕ ቤቱ ግንብ ነው። «መሽናት ክልክል ነው» የሚል የተጻፈበት። እስቲ አንተ፣ እጮኛህን እዛ ጽሑፍ ስር አቁመህ ታስነሳለህ?

ክሱን ሰብሳቢው አሰምተዋል። ባለፈው እሁድ ተከሳሹ ሰፊ ሌንስ ገጥሞ፣ ጀርባውን ለፓምፕ ቤቱ ግንብ ሰጥቶ፣ ማማውን፣ ውሃውን፣ ወፎቹንና ጉማሬውን በአንድ ፎቶ ጠቅልሎ አስገብቷል። «በአንድ ጣቱ ሦስት ቤት ዘረፈ» ብለዋል። ለማስረጃ ፎቶው ታጥቦ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል። ጠረጴዛው ስላልበቃው እትዬ ሞገድ ጫፉን በጉልበታቸው ደግፈዋል።

ተከሳሽ (እኔ) የሚከተለውን መልስ ሰጥቻለሁ። ደንበኞቹ ሙሽሮች ነበሩ። የሙሽራው ቤተሰብና የሙሽሪት ቤተሰብ አይነጋገሩም። ወደ ሠርጉም የመጡት በግድ ነው። የሱ ወገኖች ማማው ስር ቆመው ንቅንቅ አንልም አሉ። የሷ ወገኖች ወፎቹ ጋ ቆመው አንጠጋም አሉ። ሙሽሮቹ መሃል ላይ ብቻቸውን፣ ቬሎዋ በነፋስ እየተወረወረ። «ትንሽ ጠጋ በሉ» ብዬ ለመንኩ፤ ማንም አልሰማኝም። የነሱን እግር ማንቀሳቀስ ስላቃተኝ የራሴን አንቀሳቀስኩ። ወደ ኋላ ሄድኩ፣ ሄድኩ፣ ግንቡ ጀርባዬን እስኪነካኝ። ሁሉም ገቡ። የቆምኩት በራሴ ቦታ ላይ ነው፤ ዓይኔ የት እንደሚያርፍ ማኅበሩ ደልድሎ አያውቅም።

ሰብሳቢው፦ «ተረትህን ተወው። ማማው ገብቷል ወይስ አልገባም?»

ተከሳሽ፦ «ገብቷል።»

ሰብሳቢው፦ «አበቃ።»

በሙያ በኩል አስተያየት ተሰጥቷል። ወፎ፣ ሰዎቹ ጉንዳን አክለዋል፣ ይሄ የካርታ ሥራ ነው እንጂ ፎቶ አይደለም ብሏል። እትዬ ሞገድ፣ ፎቶ ማለት ፊት ነው፣ ዓይኑ ውስጥ ካላየሁት ማንን አነሳሁ እላለሁ ሲሉ ጠይቀዋል። ተከሳሽም፣ እትዬ፣ እርስዎ የሚያነሱት ፊት ብቻ ከሆነ ባክግራውንድ ምን ያደርግልዎታል፣ ለኔ ይልቀቁልኛ ብሏል። «አፍህን ያዝ» ተብሏል። ተይዟል።

ከረጅም ውይይት በኋላ ሌንሱና የካሜራው ካርድ ለኤግዚቢትነት በሰብሳቢው እጅ እንዲቆዩ ተወስኖ ወዲያው አስረክቤያለሁ። ደረሰኝ ብጠይቅ «የአክስትህን ባል ደረሰኝ ትጠይቃለህ? አታፍርም?» ተብያለሁ።

አጀንዳ ሦስት፦ የጉማሬው ባለቤትነት

ይህ አጀንዳ አልተያዘም ነበር። ፎቶው ላይ ጉማሬው ከጀልባ ማሰሪያው አጠገብ ብቅ ብሎ በመታየቱ በድንገት ተነስቷል።

ወፎ፦ «የዱር እንስሳ የኔ ነው። የትም ይግባ የትም ይውጣ።»

እትዬ ሞገድ፦ «ውሃዬ ውስጥ እኮ ነው ያለው! ስንት ዘመን እኔ ቤት ሲታጠብ አንድ ቀን ተናግሬህ አውቃለሁ? ይሉኝታ ይዞኝ እንጂ!»

ወፎ፦ «ያውጡታ! ከቻሉ ያውጡታ!»

ሰብሳቢው ነገሩን ለማብረድ ጣልቃ ገብተው፣ የማማው ጥላ ጉማሬው ጀርባ ላይ ማረፉን በጣታቸው አሳይተው፣ ስለዚህ ጀርባው የኔ ነው ብለዋል። ነገሩ ከዚያ በኋላ አልበረደም።

ከረጅም ውይይት በኋላ፣ ጆሮውና አፍንጫው የወፎ፣ የረጠበው የእትዬ ሞገድ፣ ጥላ ያረፈበት የጋሼ ማማ እንዲሆን ተወስኗል። ጉማሬውም ለወደፊቱ ሲንቀሳቀስ ክፍፍሉን እንዲያከብር በወፎ በኩል እንዲነገረው ተወስኗል። ወፎ «እሱ የሰው ሰምቶ ያውቃል?» በማለት ልዩነቱን አስመዝግቧል።

አጀንዳ አራት፦ ቅጣትና ክፍፍል

ሰብሳቢው፣ ፎቶው ለሦስት ተቆርጦ ለየባለቤቱ ይመለስ የሚል ሐሳብ አቅርበዋል። ተራ አባሉ ጋሼ ማማ ደግፈዋቸዋል። እትዬ ሞገድ ጉርድ ፎቶ የሚቆርጡበትን መቀስ ከቦርሳቸው አውጥተዋል።

ተከሳሽ፣ ሰዎቹስ የማን ናቸው ሲል ጠይቋል። ወፎ፣ እንስሳ ስላልሆኑ አይመለከተኝም ብሏል። እትዬ ሞገድ፣ አልረጠቡም ብለዋል። ሰብሳቢው፣ ሰው ባክግራውንድ አይደለም፣ ሰው ይመጣል ይሄዳል፣ ማማው ነው የሚቆየው ብለዋል። ሰዎቹን ይገባኛል ያለ አባል ባለመኖሩ መቀሱ መንገዱን ቀጥሏል።

የሙሽራው ወገኖች ከማማው ጋር ወደ ሰብሳቢው ሄደዋል። የሙሽሪት ወገኖች ከወፎቹ ጋር ወደ ወፎ ሄደዋል። ሙሽሮቹ ውሃው ላይ ቀርተዋል፤ የሙሽራው ትከሻ ግን መነጽር በሌለበት በመቆረጡ ከማማው ጋር ሄዷል። ጉማሬው በአጀንዳ ሦስት መሠረት መከፋፈል ስላልቻለ ለብቻው ተቆርጦ ለጊዜው ወለሉ ላይ ተቀምጧል።

በመቀጠል፣ ካርዱ ላይ ያለው ፎቶ እንዲጠፋ፣ ሰፊ ሌንስ ዳርቻው ላይ እንዲከለከል፣ ተከሳሹም ከዳርቻው ላልተወሰነ ጊዜ እንዲታገድ ሐሳብ ቀርቧል። ተከሳሽ፣ ሌላ ሥራ አላውቅም፣ ማንም ሳያስተምረኝ እዚሁ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ የተማርኩት ይህን ብቻ ነው፣ ከዚህ ካባረራችሁኝ የት ልግባ ሲል ተናግሯል። «አክስትህ ጋ ምሳ አይጠፋም» ተብሏል። ድምፅ ተሰጥቷል። አራት ድጋፍ፣ አንድ ተቃውሞ። ከአራቱ ሁለቱ የጋሼ ማማ ናቸው።

ልዩ ልዩ ጉዳዮች

ሰብሳቢው ፎቶውን ለማጥፋት ካርዱን ኪሳቸው ካለው ትንሽ ካሜራ ውስጥ ሊከቱ ሲሉ በሩ ተንኳኳ። ሙሽሪት ነበረች። ቬሎ የለም፤ ሹራብ ለብሳ፣ ሻንጣ ይዛ። ባሏ ጀልባውን እያስጠበቀ ነው፤ ፎቶዋን ልትወስድ ነው የመጣችው። ትኬት ሻጯ እዚህ ናቸው ብላ ልካታለች።

ቁራጮቹን አየች። መጀመሪያ አልገባትም። ከዚያ ከሦስቱ አባላት ጉልበት ላይ እየሰበሰበች ጠረጴዛው ላይ ገጣጠመቻቸው፣ ወለሉ ላይ ያለውን ጉማሬ ሳይቀር።

ሙሽሪት፦ «ማን ነው የቆረጠው?»

ይህ ጥያቄ በአጀንዳ አልተያዘም ነበር።

ሙሽሪት፦ «እናንተ ትልልቅ ሰዎች አይደላችሁም እንዴ? እነዚህ ሰዎች እኮ በአንድ ወረቀት ላይ ቆመው አያውቁም። ለነገም አይቆሙም። ማታውኑ ተሰዳድበው ነው የተለያዩት። እኔ ያለኝ ይቺው ነበረች።»

እትዬ ሞገድ፣ መስመሩ ላይ ጠንቅቀን ነው የቆረጥነው፣ ማንም ላይ አድልዎ አልተደረገም በማለት ሊያጽናኗት ሞክረዋል።

ሙሽሪት፦ «እትዬ፣ የኔን ቤትና የሱን ቤት ለመለያየት መቀስ አያስፈልግም ነበር። ለማገናኘት ነው የቸገረን።»

እትዬ ሞገድ መቀሱን ቦርሳቸው ውስጥ ከተዋል። ወፎ ጣሪያውን ተመልክቷል። በዚህ ጊዜ ተከሳሹ፣ ፎቶው ካርዱ ላይ አለ፣ አልጠፋም፣ ካርዱ ሰብሳቢው እጅ ላይ ነው ብሏል። ይህን ለመናገር ዕድል አልተሰጠውም ነበር፤ ቢሆንም ተናግሯል።

ሙሽሪት እጇን ዘረጋች።

ሰብሳቢው፦ «ልጄ፣ ይሄ ኤግዚቢት ነው።»

ሙሽሪት፦ «ኤግዚቢት አይደለም። አባቴ ነው።»

ካርዱን ከጣቶቻቸው መሃል ወሰደችው። ቁራጮቹንም በሹራቧ አቅፋ ወጣች። በሩን አልዘጋችውም።

የመጨረሻ ውሳኔ

ሰብሳቢው ለጥቂት ጊዜ በተከፈተው በር ጀልባው ላይ የተሳፈረውን ሕዝብ ሲያዩ ቆይተዋል። ከዚያም፣ ይቺ ልጅ ለዚህ ሁሉ ሰው ብታወራ ስማችን ምን ይሆናል በማለት የሚከተለውን አቅርበዋል። ፎቶው ስለሌለ ማስረጃ የለም። ማስረጃ ከሌለ ክስ የለም። ክስ ከሌለ የምንሰበሰብበት ምክንያት አልነበረም። ምክንያት ካልነበረን አልተሰበሰብንም።

ከአጭር ውይይት በኋላ ዛሬ የተወሰነው ሁሉ፣ የ«እንደ ልማዳቸው» ስረዛና የጉማሬው ክፍፍል ጭምር፣ ሙሉ በሙሉ እንዲሻር፤ ስብሰባውም እንዳልተካሄደ እንዲቆጠር በሙሉ ድምፅ ተወስኗል። እኔም ደግፌ ድምፅ ሰጥቻለሁ። እገዳዬ ተነሳ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ሞኝነቴን እይልኝ።

ስብሰባው ጀልባው ፊሽካውን ሲነፋ ተዘግቷል። ሁሉም ሲነሳ እኔ ተከሳሽ፣ «ጋሼ፣ ሌንሴስ?» አልኩ።

«የምን ሌንስ?»

«አስረክብ ያላችሁኝ ነዋ!»

«ማን አለህ? በየትኛው ስብሰባ?»

እና ኪሳቸውን ደባብሰው ወጡ።

ዓርብ ጠዋት ወደ ሥራዬ ስመጣ ጋሼ ማማ ፓምፕ ቤቱ ግንብ ላይ ተደግፈው ቆመዋል። የኔ ግንብ ላይ። ካሜራቸው ላይ አንድ ነገር ተገጥሟል፤ ስሙን አልጠራም፣ አንተው ሄደህ እየው። እጃቸውን እያወዛወዙ «ኑ! ኑ! ማማው፣ ውሃው፣ ወፉ፣ ሁሉም በአንዴ ይገባል! መጠጋት አያስፈልግም!» ይላሉ። ሰልፍ አለ። እትዬ ሞገድና ወፎ ተሰላፊውን ያስተካክሉላቸዋል። እኔ ባዶ ካሜራ አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ቆሜያለሁ።

አሁን «ያልተካሄደ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ እንዴት ይለጠፋል?» ይሉኛል። አይለጠፍ የሚል ውሳኔ የት አለ? ቢኖርም ተሽሯል።

ስለዚህ ጋሼ ማማ፣ በቤት በኩል አክስቴን አይላኩብኝ። እዚሁ ሰሌዳ ላይ፣ በራስዎ እጅ ጽሑፍ፣ ጀልባ የሚጠብቅ ሁሉ እያነበበው ይመልሱልኝ። ሌንሴን የወሰደው ማን ነው? ኮሚቴው ነው ካሉ ተሰብስበን ነበር፤ የሙሽሪትንም ፎቶ ቆርጠናል፣ ይቅርታ ይጠየቅ። አልተሰበሰብንም ካሉ ደግሞ ሌንሱን ከእጄ የወሰደው ሰብሳቢ አይደለም፣ የአክስቴ ባል ነው። አንዱን ይምረጡና ይጻፉ። እስክሪብቶው ሰሌዳው ላይ በክር ታስሯል።