አምስት ተኩል በር

ከተማ የሚጠበቀው በግንብ ነው፤ ግንብ የሚጠበቀው ደግሞ በኮሚቴ። ይህን ሐቅ ሐረር ውስጥ ካለ አንድ መሥሪያ ቤት በላይ የተረዳው የለም። ስሙን አንጠራም፤ የትልቅ ነገር ስም በየሜዳው አይጠራም። መሥሪያ ቤቱ "ቅሬታን በአፍ መቀበል ኋላ ቀርነት ነው" ብሎ፣ ነዋሪው ችግሩን የሚያቀርብበትና የሚወያይበት መድረክ ኢንተርኔት ላይ ከፈተ። የቅሬታ ሰሚውንም ቢሮ ቆለፈ። እሰየው ነው!

የፈላና በር ሰፈር ነዋሪ ወይዘሮ ዘምዘም ግን የመጡት በአፋቸው ነበር። ከአባታቸው የወረሱት የድንጋይ ቤት ግድግዳ ሥር የውሃ ቧንቧ ፈንድቶ፣ ግድግዳው ከታች እየራሰ ከላይ ይሰነጠቃል። ሌላ የራሳቸው ቤት የላቸውም። ኃላፊውን አቶ ሥራዬን ደረጃ ላይ አገኟቸው።

"ልጄ፣ ግድግዳዬ ሊወድቅ ነው። ውሃውን የሚዘጋ ሰው ላክልኝ።"

"መድረኩ ላይ ይመዝገቡና ያቅርቡት፣ እናቴ።"

"ይኸው እያቀረብኩልህ!"

"እኔማ እየሰማሁዎት ነው። ያልሰማዎት ሲስተሙ ነው።"

መመዝገቡ ግን እንዲህ በዋዛ አልነበረም። መድረኩ በተከፈተ ሰሞን ሰው ያልሆኑ ተመዝጋቢዎች ጎርፈውበት ነበር፤ በሐሰት ስም እየተመዘገቡ የክብደት መቀነሻ ክኒን የሚያስተዋውቁ፣ ከየት እንደመጡ የማይታወቁ የኮምፒውተር ፕሮግራሞች። እነሱን ለማገድ የተሰየመው ኮሚቴ ታላቅ ብልሃት አገኘ። የከተማው ሰው ብቻ የሚመልሰው ጥያቄ መግቢያው ላይ ይቀመጥ ተባለ፤ "የጀጎል ግንብ ስንት በር አለው?"

እዚህ ላይ ኮሚቴው ለሁለት ተሰነጠቀ። አቶ ሐሰን "የጥንቶቹ አምስት ናቸው፤ ወላሂ ሌላውን በር አልለውም" አሉ። አቶ ሥራዬ "መኪና የሚገባበትስ? በየቀኑ የምገባበትን በር ልካደው?" ብለው ስድስት ላይ ተገተሩ። ሰላምታ ተቋረጠ፤ ሥራ ቆመ፣ ድሮም ሲሠራ ከነበረ። በመጨረሻ ሽማግሌ ገባ። ሽማግሌ ደግሞ አንዱን ወገን አሳፍሮ አይሸኝም፤ ከዚያኛው ቀንሶ፣ ለዚህኛው ጨምሮ ያስማማል። ትክክለኛው መልስ አምስት ተኩል እንዲሆን ተወሰነ። ዱዓ ተደረገ፣ ሁለቱም ተሳሳሙ፣ መልሱም ከኮሚቴው እንዳይወጣ ተማማሉ።

ወይዘሮ ዘምዘም ግቢያቸው ውስጥ የተከራየችው መምህርት ማህሌት በስልኳ እንድታስመዘግባቸው ጠየቁ።

"በሮቹ ስንት ናቸው ይላል፣ እትዬ።"

"አምስት በያ! ይሄም ይጠየቃል?"

"'ተሳስተዋል፤ ሰው መሆንዎን ያረጋግጡ' አለ። ስድስት ልበል?"

"በይ።"

"አሁንም ሰው አይደሉም።"

"ያ ረቢ! ዕድሜ ልኬን በነዚህ በሮች ስወጣ ስገባ ታዲያ ምን ሆኜ ነው?"

"ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሏል ይሄ ነው" አለች ማህሌት ስልኳን እያስቀመጠች።

ሰው አንዴ ሁለቴ ሞክሮ ተናዶ ይተወዋል። ፕሮግራም ግን አይናደድም። ቁጥሩን ሁሉ ከነሽርፍራፊው እየሞከረ ሰተት ብሎ ገባ፤ ገብቶም አመሰገነ። "ይህን ድንቅ ጽሑፍ ስላካፈላችሁን እናመሰግናለን! ሥራችሁ እጅግ አስደናቂ ነው! ለክኒኑ እዚህ ይጫኑ።" አቶ ሥራዬ ሲያነቡ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ያንን ጥያቄ ያለፈ መቼም የከተማው ሰው መሆን አለበት፤ በአገልግሎት ዘመናቸው ደግሞ እንዲህ ያለ ጨዋ ነዋሪ ገጥሟቸው አያውቅም። የክኒኑን ነገር "ጤና ነክ አስተያየት" ብለው ለበላይ አካል አሳወቁ።

ወይዘሮ ዘምዘም በዋዛ እጅ የሚሰጡ ሴት አልነበሩም። ኮሚቴው ውስጥ እነማን እንዳሉ አጠያየቁ፤ ሲነገራቸው ሳቁ።

"ሐሰን ከአምስት አያልፍም። ሥራዬ ከስድስት አይወርድም። እንደማውቃቸው ከሆነ ሽማግሌ ገብቷል። እስቲ አምስት ተኩል በይ፣ ልጄ።"

ተመዘገቡ። "ግድግዳዬ ሊወድቅ ነውና ድረሱልኝ" ብለውም አስጻፉ። በማግሥቱ ጽሑፉ ተሰርዞ አገኙት። ምክንያቱ ከሥሩ ሰፍሯል፤ "ምስጋና የሌለበት በመሆኑ ሰው የጻፈው አይመስልም።"

ስንጥቁ አሁን እጅ ያስገባል። ወይዘሮ ዘምዘም ቁጭ ብለው አለቀሱ፤ አባታቸው በእጃቸው የለሰኑት ግድግዳ ነው። ከዚያ እንባቸውን በሻሻቸው ጠረጉና "እንግዲያው እነዚያ እንደሚጽፉት አድርገሽ ጻፊልኝ" አሉ። ማህሌትም ጻፈች፤ "ድንቅ መሥሪያ ቤት ሆይ! በእናንተ ትጋት ግድግዳዬ ሥር ምንጭ ፈልቋል። መጥታችሁ እዩልኝ!"

ወዲያው መጡ። ሪባን፣ ካሜራና ድምፅ ማጉያ ይዘው መጡ። አቶ ሥራዬ ጫማቸው ጭቃ ውስጥ እስኪሰምጥ ቆመው ስለ ውሃና ስለ ሕይወት ረጅም ንግግር አደረጉ። ሪባኑ ተቆረጠ፤ ተጨበጨበ።

"አልሐምዱሊላህ፣ በዓይንህ አየኸው" አሉ ወይዘሮ ዘምዘም የአቶ ሥራዬን ክንድ ይዘው። "በል አሁን አዘጋልኝ።"

አቶ ሥራዬ ክው አሉ። "ምን ማለትዎ ነው እናቴ? የተመረቀ ምንጭ ይዘጋል እንዴ? ሪፖርቱ ሄዷል እኮ!"

ሳምንቱ ሳያልቅ ግድግዳው ተናደ። ወይዘሮ ዘምዘም ከእህታቸው ከሳዳ ቤት ሊጠጉ ፍራሻቸውን አሸክመው ሲወጡ፣ አቶ ሥራዬ ፍርስራሹ ላይ ቆመው ምንጩን ለእንግዶች ያስጎበኛሉ። ሲያዩአቸው ባርኔጣቸውን በአክብሮት አነሡ።

"እናመሰግናለን፣ እናቴ" አሏቸው። "እውነቴን ነው፣ ግድግዳው ትንሽ ይጋርደን ነበር።"