የዘንድሮ ክር ቀጭን ነው

በዓለም ላይ ዓይኑ የደከመ ሰው የለም። ያለው ፊደሉ ያነሰበት፣ መብራቱ የደበዘዘበት፣ የመርፌው ቀዳዳ የጠበበበት ሰው ብቻ ነው። የዚህ ወገን ሊቀመንበር ደግሞ ጎረቤቴ፣ ክብርት ልብስ ሰፊዋ እትዬ አንዴ ናቸው።

«አንዴ» ስማቸው አይደለም። በሬን አንኳኩተው «እስቲ መነጽርህን አንዴ» ስለሚሉ የወጣላቸው ነው። አንዴያቸው ከምሳ እስከ ማታ ይዘልቃል። መነጽሬ የሚመለስልኝ የክር ብናኝና የማሽን ዘይት ጠግቦ ነው። «ዓይንዎን ለምን አይታዩም?» ስላቸው ይቆጣሉ።

«ዓይኔማ ደህና ነው! የዘንድሮ ክር ነው የቀጠነው።»

ነገሩ ግን ቀልድ አልነበረም። እትዬ አንዴ የሚያውቁት ሥራ ይኸው ነው፤ ክር በመርፌ ካልሾለከላቸው ማሽኑ ይከደናል። ይህን በአፋቸው አይናገሩትም። ጥቁር ሱሪ በሰማያዊ ክር ሰፍተው ባለቤቱ ሲመልስባቸው ግን ስፌቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን እያዞሩ ደጋግመው ሲያዩት አይቻለሁ።

አንድ ቀን ጎትጉቼ መነጽር ቤት ወሰድኳቸው። ባለሙያው መርምሮ ዋጋውን ሲነግራቸው ከወንበሩ ተነሡ። «ዓይኔን አውጥቼ ብሸጠው ይህን ያህል ያወጣል?» አሉት። ከዚያም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ግራው ደህና ነው። የቀኙን መስታወት ብቻ ብትሸጥልኝስ?»

ከዚያ ወዲህ መንገድ ዳር ሸራ ወጥሮ መነጽር የሚቸረችር ሰው ደንበኛ ሆኑ። ደንበኛ ስል ገዙ ማለቴ አይደለም። ያላቸውን መርፌ ሁሉ ደረታቸው ላይ ሰክተው ይሄዳሉ። አንዱን መነጽር ያደርጋሉ፣ በአንዱ መርፌ ክር ያሾልካሉ። «ይሄ ያጥወለውላል» ይሉና ሌላውን ያነሣሉ። ክር ያልገባለት መርፌ ሲያልቅ፣ «ዋጋህ አይቀመስም!» ብለው ወደ ቤታቸው። ሰውዬው የነቃባቸው ዘግይቶ ነው።

በዚህ መሀል ጉንፋን አስተኛኝ። ሊጠይቁኝ መጡና ከራስጌዬ የመድኃኒት ጠርሙስ አንሥተው፣ ክንዳቸው እስከሚደርስ አርቀው አነበቡ።

«ለደረቅ ባል!» ፊታቸው በራ። «እንዲህም ያለ መድኃኒት አለ? አንተ ሚስት እንኳ የለህ፣ ምን ያደርግልሃል?»

ድምፄ ተዘግቶ ስለነበር መከራከር አልቻልኩም። ይዘውት ወጡ። ባለቤታቸው በግትርነት የታወቁ ጡረተኛ ናቸው፤ በማንኪያ ቢሰጧቸው ጠጡ፣ እንቅልፍም ጣላቸው። እትዬ አንዴ «ይሠራል!» ብለው ለጎረቤት አወጁ።

«ለደረቅ ሳል» የሚለውን ያነበቡት እኒያው ደረቅ ባል ናቸው፣ ሲነቁ። ሰፈሩ ሳቀ፤ እትዬ አንዴም አብረው ሳቁ። ማታ ግን ማሽናቸውን ከድነው አገኘኋቸው።

«በመድኃኒት ተሳስቼ ሰው ልገድል ነበር እኮ» አሉኝ። «በቃ፣ አበቃልኝ።» ስለ ክሩ አንድም አላሉም። ደነገጥኩ።

ከጥቂት ቀን በኋላ መነጽር ሻጩ ንፋስ የቀደደውን ሸራ ተሸክሞ፣ አንድ መነጽርም ይዞ መጣ።

«እማማ፣ ዝናቡ ሊጨርሰኝ ነው። ይህን ይስፉልኝና መነጽሩን ይውሰዱት። ቶሎ የሚያሾልኩት በዚህኛው ነው፣ አይቻለሁ።»

መነጽሩን አደረጉት። የሸራውን ቀዳዳ ተመለከቱ፣ መርፌውን ተመለከቱ፣ ማሽኑን ገለጡ። ሸራው ሲያልቅ፣ «መነጽሩ መያዣ የለውም እንዴ? ጨምርበት እንጂ!» አሉት። ያን ጊዜ እንደዳኑ ገባኝ። ወደ እኔ ዞሩና፣ «አንተ! ለካ ሸብተሃል!»

አሁን መነጽሬ ንጹሕ ነው። ጋዜጣዬን ከዳር እስከ ዳር አነባለሁ፤ በሬን የሚያንኳኳ የለም። ሰላም ነው። ናፈቁኝ።

ትናንት የሸሚዜን ቁልፍ ራሴ በጥሼ ሄድኩ። እትዬ አንዴ ክሩን በመነጽራቸው አገላብጠው መረመሩት።

«ይሄ እኮ ተጎትቶ ነው። እኔ የሰፋሁት እንዲሁ አይበጠስም!»

«ምን ላድርግ እትዬ» አልኳቸው። «የዘንድሮ ክር ቀጭን ነው።»