ድምፄ ዘግይቶ የመጣበት ቅዳሜ

ድምፅ ከነገሩ ኋላ የሚመጣ ፍጡር ነው። መብረቁ ብልጭ ይላል፤ ነጎድጓዱ ገና ጫማውን እያሰረ ነው። ልጅ ይወድቃል፤ ከዚያ አፉን ከፍቶ፣ ለቅሶው ከየት እንደሚመጣ የሚጠብቅ ይመስል ለአፍታ ዝም ይላል። እናት የሆናችሁ ያቺን አፍታ ታውቋታላችሁ፤ ዓለም ትንፋሿን የምትይዝባት ናት። እኔማ ሰው ሲናገረኝ እንኳ መልሱ የሚመጣልኝ ቤቴ ገብቼ ሽንኩርት ስከትፍ ነው።

ስለዚህ ባለፈው ቅዳሜ «ትዘገያለሽ» ስባል ብዙም አልገረመኝ።

ኪሊማኒ የሚባለው ሰፈር ባለችው ቤተ ክርስቲያናችን ከመዘምራኑ የኋላ ረድፍ ነኝ። ልጄን ኤደንን ሳስተኛ የማንጎራጉራት ዜማ መዝሙር ሆና ተገኘችና፣ መሪያችን ወንድም ታምራት ላፕቶፑ ላይ ባለው የኖታ መጻፊያ ፕሮግራም ጻፋት። ከዘጠነኛ ክፍል ላቋረጥኩት ለእኔ፣ እሹሩሩዬ አምስት መስመር ላይ ስትታይ ገመድ ላይ የተሰጣ የሕፃን ካልሲ መሰለችኝ። የቀረኝ ሥራ የፕሮግራሙን ፒያኖ በጆሮ ማዳመጫ እየሰማሁ የመጀመሪያዋን አንጓ መቅዳት ብቻ ነበር፤ ሌሎቹ በስልካቸው ሰምተው እንዲያጠኗት።

ዘመርኩ። ውጭ ጃካራንዳው ሐምራዊ አበባውን ያለ ድምፅ ያራግፋል፤ እኔ ማዳመጫው ውስጥ እንደ ደመና ተንሳፍፌያለሁ። መልሰን ስንሰማው ግን ድምፄ፣ ማታቱ የሚሉት ታክሲ እንዳመለጠው መንገደኛ፣ ፒያኖውን ከኋላ ከኋላ ያባርረዋል።

«ቀደም ብለሽ ግቢ» አለኝ ታምራት። ቀደም ብዬ ገባሁ፤ አንዴ አበዛሁት፣ አንዴ አሳነስኩት። ስድስት ጊዜ ሞከርን። ኤደን ከእግሬ ሥር ሆና፣ ከጎረቤት ልጆች በለቀመችው ስዋሂሊ «ፖሌ ማማ» እያለች አይዞሽ ትለኛለች። በመጨረሻ እዚያ የነበሩት ዘማሪዎች እጃቸውን ጫኑብኝና የመዘግየትን መንፈስ ገሠጹ። አሜን አልኩ። ማን ያውቃል?

ሰባተኛውም እንደ ስድስተኛው ሆነ።

«ነገ ጠዋት መላክ አለበት፤ በቃ እኔ ልዘምረው» አለች እህት ሂሩት። ሂሩት የሙዚቃ ሰርተፊኬት አላት። በልጄ እንቅልፍ ላይ የተሠራችው ዜማዬ በሌላ ሰው አፍ ልትሄድ ነው። ዝም አልኩ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል፤ መዝሙርም እንደማይወጣበት ግን የነገረኝ የለም።

ሂሩት ዘመረች። ዘገየች። ልክ በእኔው ልክ!

«ውይ፣ ኮምፒውተሩ ተበላሽቷል!» አሉ ሁሉም ባንድ አፍ።

ታዘባችሁ? ዘጠነኛ ክፍል ሲዘገይ መንፈስ ነው፤ ሰርተፊኬት ሲዘገይ ዕቃ ነው።

ይኼኔ ነው አንድ ነገር ትዝ ያለኝ። ኤደን በአባቷ ስልክ የፒያኖ ጨዋታ ስትጫወት፣ ስልኩ ከገመድ አልባው ድምፅ ማጉያ ጋር ከተገናኘ ድምፁ የሚመጣው ጣቷን ካነሳች በኋላ ነው።

«ወንድም ታምራት፣ ይኼ ገመድ የሌለው ማዳመጫ ቢሆንስ ጥፋተኛው?»

አየኝ። ቦርሳውን ጎርጉሮ ባለገመዱን ሰካ። መዘግየቱ አብዛኛው በነነ። ለቀረችው ቅንጣት፣ ከፕሮግራሙ ማስተካከያ ውስጥ ድምፁ በስንት እንደዘገየ ቁጥር የሚሞላባት ሳጥን አገኘ። እኔ ከምቱ ጋር አጨበጭባለሁ፣ እሱ ቁጥሯን ይጨምራል፣ ይቀንሳል፤ ጭብጨባዬ እንቅልፍ እንደወሰደው ሕፃን ቀስ ብሎ ምቱ ላይ እስኪተኛ ድረስ።

ሂሩት ማዳመጫውን አነሳች። «በሉ፣ አሁን ቶሎ ልጨርሰው።»

«አይ፣ እህት ሂሩት። እኔ ነኝ የምዘምረው።»



«ኧረ ሴትዮዋ ትናገራለች!» ብላ ሳቀችና በገዛ እጇ አጠለቀችልኝ።

ዘመርኩ፤ ሰማነው። ድምፄና ፒያኖው እጅ ለእጅ ተያይዘው ሄዱ፣ ሄዱ፣ እስከ ላይኛዋ ኖታ። እዚያ ሲደርስ ድምፄ ዘመም አለና ከዜማው ወጣ። ለካ ድሮም እዚያው ጋ ይወጣ ነበር፤ መዘግየቱ ነው የሸፈነልኝ።

«ለዚህስ ሳጥን የለውም?» አልኩ።

ታምራት አቀረቀረ። «ለዚህማ … ልምምድ ነው፣ እህቴ። የነገው መላክ ይቅር፤ አንድ ሳምንት እንጠብቅሻለን።»

ይኸው ልብስ ሳሰጣም፣ ደረጃ ስወጣም ያቺን ኖታ እየወጣሁ እወድቃለሁ። ጎረቤቶቼ ይሳቁ። አንጓዋ የእኔ ሆና ከቀረች፣ ጥፋቷም የእኔ ይሁን።