በቀን የሚተኛ ሰው

ለመሆኑ በቀን መተኛት ሕመም መሆኑን ያውቃሉ? እኛ አዘዞዎች እናውቃለን። ጎረቤቴ አያ ፈንታሁን የዱቄት ፋብሪካ የሌሊት ጥበቃ ናቸው። ነግቶ ጋደም ሲሉ በራቸው ይንኳኳል።

«ምነው አያ፣ ምን ነካዎት?»

«እንቅልፍ!»

«እግዜር ይማርዎት!»

ጠያቂው ተደርድሮ ይቀመጣል፤ ታማሚ ብቻውን ይተዋል እንዴ? አንድ ቀንማ የሰፈሩ ቄስ ጠበል ረጩባቸው። እርጥብ አልጋ ላይ ማን ይተኛል?

እንዲህ ሲጠየቁ ሰንብተው የደም ግፊታቸው ጨመረና የምር ታመው ሆስፒታል ገቡ። ተከትለን ሄድን፤ ዘበኛው ግን ከመጠየቂያው ሰዓት በፊት ማንንም አላስገባም። ሰዓቱ ደርሶ ስንገባ አያ ፈንታሁን ያንኮራፋሉ።

ነርሷ ቀስቅሳ ግፊታቸውን ለካች። «ወርዷል። ነገ ቤትዎ ገብተው ይረፉ።»

አያ ፈንታሁን ዞረው አልጋቸውን የከበብነውን ሁሉ አዩን።

«ቤቴ? ምነው ልጄ፣ ምን በደልኩሽ?»