ድምፄ ተዘግቶ የረታሁት ክስ

ሐኪም መርፌ አለው፤ አናጢ መዶሻ አለው፤ ጠበቃ ያለው ምላስ ብቻ ነው። እሱንስ ቢሆን በአግባቡ የያዘው ስንቱ ነው? እኔ ለምሳሌ፣ ባለቤቴ እንደምትለው ከሆነ፣ ጎረቤት ሰላም ስል እንኳ መግቢያ፣ ሐተታና መደምደሚያ አለኝ። አሶሳ ላይ የወንጀል ጠበቃ ሆኜ ስሠራ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። ግድያ በሉ፣ ዘረፋ በሉ፣ ቃጠሎ በሉ፣ ያልቆምኩበት ከባድ ክስ የለም። ራሴን ከምላሴ መከላከል ግን እስከ ዛሬ አልሆነልኝም።

«ወንጀለኛ እንዴት ትከላከላለህ?» የሚለውን ጥያቄ ሠርግ ቤትም ለቅሶ ቤትም ተጠይቄዋለሁ። በተለይ ለቅሶ ቤት! እንባዬን ጠርጌ ሳልጨርስ ጎኔ የተቀመጠው ሰው ጠጋ ይልና ሕሊናህ እንዴት ነው ይለኛል። ሕሊናዬ ደህና ነው፣ የሚያመኝ ወገቤ ነው እለዋለሁ። ታዲያ ያው ሰውዬ ወንድሙ የታሰረ ዕለት ገና ወፍ ሳይንጫጫ በሬ ላይ ቆሞ ይገኛል። ወንድሙ እንደሆነ ምንም አላደረገም። ወንጀለኛው የሰው ወንድም ነው፤ የራስ ወንድም ሁልጊዜ በስህተት የተያዘ ነው።

ወዴት ወዴት ሄድኩ? አያችሁ፣ ችግሬ ይኸው ነው። ወደ ባበክር ልመለስ።

ባበክር የመንጌ ሰው ነው፤ ወርቅ ቆፋሪ። በነሱ ዘንድ ወንዱ ጉድጓድ ገብቶ አፈሩን ያወጣል፣ ሴቷ ወንዝ ዳር ተቀምጣ በገበቴ እያሽከረከረች ታጥበዋለች። አንድ ቀን ጠዋት እዚያው ወንዝ ዳር አንድ ቆፋሪ ከኋላው ጭንቅላቱን በዶማ ተመትቶ ወደቀ። ነፍሱ ተርፋለች፤ ማን እንደመታው ግን አላየም። ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት ከባበክር ጋር በጉድጓድ ድንበር ተጨቃጭቀው ነበር። ፖሊስ ባበክርን ያዘው፤ ዐቃቤ ሕግም በግድያ ሙከራ ከሰሰው፤ ዋስትናም ተከለከለ። ከታሰረ በሁለተኛው ወር ሚስቱ ሴት ልጅ ወለደች። ልጁን አቅፎ አያውቅም። አንድ ጊዜ በአጥር ማዶ ሆነው አሳይተውታል፤ እሷም ተኝታ ነበር። ከተፈረደበት የሚወጣው ልጅቷ ትምህርት ቤት ገብታ፣ ፊደል ቆጥራ፣ አባቷ የት እንዳለ በራሷ አፍ መናገር ስትጀምር ነው።

ባበክር እኔን «ኡስታዝ» ይለኛል፤ በሱ ቤት ወረቀት የያዘ ሁሉ ኡስታዝ ነው። መጀመሪያ የተገናኘን ዕለት ስለ ሕገ መንግሥቱ፣ ስለ ማስረጃ ምዘና፣ ጥፋተኛ እስኪባል ድረስ ንጹህ ሆኖ ስለ መገመት መብቱ አንድ ሰዓት ሙሉ አስረዳሁት። በትዕግሥት ሰማኝና «ኡስታዝ፣ እኔ አልመታም። ጩኸት ሰማ፣ ሮጠ፣ ሰውዬ አነሳ። በቃ» አለኝ። አማርኛው ሁለተኛ ቋንቋው ነው። አማርኛ አፌን የፈታሁበት እኔ ያንኑ ነገር በዘጠኝ ገጽ ጽፌ አልጨረስኩትም።

ችግሩ አንዲት የዓይን ምስክር መኖራቸው ነው፤ ወይዘሮ ሐዋ ይባላሉ። በመንጌ ወርቅ በማጠብ የሚስተካከላቸው የለም ይባላል። ባበክር «ኻልቲ» ነው የሚላቸው፣ አክስቴ እንደ ማለት። እኚህ ሴት ለፖሊስ የሰጡት ቃል አጭርና ገዳይ ነበር፦ ገበቴዬን ይዤ ሳጥብ ባበክር ዶማ አንስቶ ሲመታው በዓይኔ አየሁት።

እኔ ደግሞ ለኚህ ምስክር መስቀለኛ ጥያቄ ማዘጋጀት ጀመርኩ። ስንት? ሠላሳ አራት! ስለ ፀሐይዋ አቅጣጫ፣ ስለ ርቀቱ፣ ስለ ሸሚዙ ቀለም፣ ስለ ምስክሯ ዓይን ጤንነት። አሥራ ሰባተኛውን ሦስት ጊዜ አስምሬበታለሁ፤ የዐቃቤ ሕግ መቃብር እሱ ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ሳሎን ውስጥ ባለቤቴን ምስክር አድርጌ ተለማመድኩ። ዘጠነኛው ጥያቄ ላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ «በእርግጥ አይተዋል ወይ?» ስላት፣ ያየሁት ሽሮው ሲያር ነው አለችኝ። ጊዜው ሚያዝያ ነው፤ የአሶሳን ሚያዝያ የሚያውቅ ያውቀዋል። ከልምምዱ በኋላ ላቤ ሳይደርቅ ከማቀዝቀዣ ውስጥ በረዶ የሠራ ውሃ አውጥቼ አንዱን ጠርሙስ ጨለጥኩት። ሁለተኛውንም ደገምኩት።

ጠዋት ስነሳ አፌን ብከፍት አየር ብቻ ወጣ። ባለቤቴን ለመጥራት ሞከርኩ፤ ፉፉፉ! ባለቤቴ ዞር ብላ አየችኝ፤ ነገሩ ሲገባት ሁለት እጇን ወደ ላይ ዘርግታ ተመስገን አለች። በኋላ ግን አሳዘንኳት መሰለኝ፣ ዝንጅብልና ማር አፍልታ አጠጣችኝ። ምንም ለውጥ የለም። ካባዬን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌ ሄድኩ።

ችሎት ስንገባ ለመሃል ዳኛው ብጣሽ ወረቀት ላይ ጽፌ አቀረብኩ፦ ድምፄ ስለተዘጋ ተለዋጭ ቀጠሮ ይሰጠኝ። ዳኛው ጮክ ብለው አነበቡት። ዐቃቤ ሕጉን በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ እንደዚያን ቀን ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም። ዳኛው ግን ፊታቸውን አኮሳተሩ። ምስክሯ ከመንጌ ሲመጡ ይህ ሦስተኛቸው እንደሆነ ተናገሩና ተከሳሹን ምን ትላለህ አሉት። ባበክር ተነስቶ ሌላ ቀጠሮ አልፈልግም አለ። «ልጅ ጥርስ አወጣ። እኔ ራሴ ይጠይቃል።» ፍርድ ቤቱም ፈቀደለት።

ይሄ ሰው በገዛ አፉ ዘብጥያ ሊወርድ ነው! ሮጬ ሄጄ ሠላሳ አራቱን ጥያቄዎች እጁ ላይ አስቀመጥኩለት፤ አሥራ ሰባተኛውን በጣቴ እየጠቆምኩ። በአክብሮት በሁለት እጁ ተቀበለኝ። ከዚያ ወረቀቱን አራት ቦታ አጠፈውና ፊቱን አራገበበት።

ወይዘሮ ሐዋ ለዐቃቤ ሕጉ ያንኑ ቃላቸውን ከደገሙ በኋላ ባበክር ተነሳ። የጠየቃቸው በገዛ ቋንቋቸው ነው፤ አስተርጓሚው ወደ አማርኛ ይመልሳል። በመጀመሪያ ኻልቲ ደህና ነሽ ወይ አላቸው። ጉልበትሽስ? ልጆችሽስ? ፍየሎቹስ? ዳኛው ጥያቄ ብቻ ጠይቅ ብለው ገሠጹት። ባበክርም ተገርሞ ይሄም እኮ ጥያቄ ነው አለ። እኔ ካባዬ ውስጥ ገብቼ መጥፋት አማረኝ።

ከዚያ፣ ሰውዬው ሲመታ ገበቴሽ ውስጥ ምን ነበር አላቸው። ወይዘሮ ሐዋም አፈሩ ሄዶ ጥቁሩ አሸዋ ብቻ ቀርቶ ነበር ብለው መለሱ። እንዴ! ይሄ ምን የሚሉት ጥያቄ ነው? ከሠላሳ አራቱ ውስጥ የለም! ተው፣ ተው እያልኩ በእጄ ምልክት አሳየዋለሁ፤ እሱ ግን ዞሮም አላየኝ።

«ኻልቲ፣» አለ፣ «እናቴን ማጠብ ያስተማርሻት አንቺ ነሽ። ልጅ ሆኜ ጊንጥ ነድፎኝ አጠገቧ ስጮህ፣ እናቴ ጥቁሩ አሸዋ ላይ ደርሳ ስለነበር ቀና አላለችም። አጥባ ጨርሳ ነው ያነሳችኝ። አንቺ ጥቁሩን አሸዋ ይዘሽ ለሁለት ወንዶች ጠብ ቀና አልሽ?»

ከመንጌ የመጡት ሰዎች ተቀምጠው ከነበሩበት በኩል ጉርምርምታ ተነሳ። ነገሩ ለኔ የገባኝ በኋላ ነው። ወርቁ ያለው ከጥቁሩ አሸዋ ሥር ነው፤ እዚያ ላይ አንዴ እጅ ከሳተ የቀኑ ልፋት ተመልሶ ወንዝ ይገባል። በዚያች ሰዓት ቀና የምትል ሴት አጣቢ አትባልም።

ወይዘሮ ሐዋ እንደ ተሰደበ ሰው ቀጥ ብለው ቆሙ። «እኔ? ጥቁሩን አሸዋ ይዤ? ከልጅነቴ ጀምሮ ሳጥብ ቀና ብዬ አላውቅም! ያን ቀንም አላልኩም! ጩኸት ሰማሁ። አጥቤ ጨርሼ ቀና ስል አንተ ሰውዬውን አቅፈህ ይዘኸው ነበር።» ዳኛው ብዕራቸውን አስቀመጡና ታዲያ ሲመታው አየሁ ያሉት ምንድን ነው ብለው ጠየቁ። ሴትዮዋም፣ ሰው ሁሉ እሱ ነው አለ፣ እኔም ቀና ስል ያየሁት እሱን ነው፣ ታዲያ እሱ ነው አልኩ አሉ። ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው «አላየሁም ልጄ» አሉት። ዐቃቤ ሕጉ በድጋሚ ጥያቄ፣ ምናልባት ለአንድ አፍታ ቀና ብለው እንደሆነስ ቢላቸው፣ አንተ ወርቅ አጥበህ ታውቃለህ ብለው አፋጠጡት።

በሁለተኛው ሳምንት ፍርድ ቤቱ ተከሳሽ መከላከል ሳያስፈልገው በነፃ ይሰናበት ሲል በየነ። መከላከል ሳያስፈልገው! የተከላካይ ጠበቃ አላስፈለገም ማለት እኮ ነው፤ እንዲያውም በማኅተም። ድምፄ ተመልሶልኝ ስለነበር ምስጋና ለማቅረብ ተነሳሁ። ዳኛው ገና አፌን ስከፍት ይቀመጡ አሉኝ።

በር ላይ ሚስቱ ልጅቷን አሳቀፈችው። ልጅቷ ይህን ጢማም እንግዳ አይታ ጩኸቷን ለቀቀችው፤ እሱም እየሳቀ አለቀሰ። እኔም በካባዬ እጅጌ ዓይኔን ስጠርግ ነበር፤ ምን ያሳፍራል? ባበክር እጄን ጨብጦ «ኡስታዝ፣ አንተ ያን ቀን ባይታመም ኖሮ...» አለና ይሉኝታ ይዞት ተወው። ቤቴ ገብቼ አሥራ ሰባተኛውን ጥያቄ አወጣሁት፦ «ቀና ብለው ሲያዩ ፀሐይዋ ከፊትዎ ነበረች ወይስ ከኋላዎ?» ይላል። ቀና ብለው ሲያዩ! ምስክሯ ያላነሱትን አንገት እኔው ራሴ ላነሳላቸው ነበር። ያችን ልጅ ያለ አባት ላሳድጋት ነበር እኮ፤ ያውም ሦስት ጊዜ አስምሬበት።

ወሬው ከመንጌ እስከ ጉባ ተዳረሰ። ገበያዬ ደራ ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? ባለፈው ሳምንት በነፍስ ግድያ ለተከሰሰ የባምባሲ ሰው ልቆም ጥያቄዎቼን በክንዴ አቅፌ ስደርስ፣ ሚስቱ የችሎቱ በር ላይ ጠበቀችኝ። ዓይኗ በለቅሶ አብጧል። በጨርቅ የተጠቀለለ ጠርሙስ አወጣች፤ ውስጡ በረዶው ይንኳኳል። «ጋሼ፣ በልጆቼ ይሁንብዎ፣ አንድ ጊዜ ይጠጡልኝ» አለችኝ።

ጠጣሁት። ምን ላድርግ፣ ክሱ ከባድ ነው።