ሳያይ የማያምነው ምዜ ኦጋዳ

የሰው ቃል የማያምን ሽማግሌ የሌለበት ሠፈር የለም። ሐኪም «ድነሃል» ቢለው ሌላ ሐኪም ፍለጋ የሚሄድ፣ ዝናብ እየደበደበው «እውነት ዘነበ?» ብሎ እጁን የሚዘረጋ። በኪሱሙ ዓሣ ነጋዴዎች ማኅበር ይህ ማዕረግ የክቡር ምዜ ኦጋዳ ነበር፤ «ምዜ» በአገሩ ቋንቋ ሽማግሌ ማለት ነው፤ ሰውየው ጡረታ የወጣ የስልክ ሠራተኛ ነው።

የማቀዝቀዣ ቤቱ ኃላፊ አዎር ከእሱ ጋር መሥራት አንገሽግሿታል። «ሽቦውን አጥብቄዋለሁ» ስትለው፣ «በአፍሽ ነው በካቻቪቴ?» ይላታል።

በዚያ ክፉ የዝናብ ወር ዓሣው ገማ። ማቀዝቀዣው ውስጥ ያለችው ማይክሮኮንትሮለር፣ ትንሿ መቆጣጠሪያ ሰሌዳ፣ ሙቀቱን ለክታ ቢሮ ውስጥ ላለችው መሰሏ በሽቦ መንገር፣ ያቺም ደወል ማሰማት ነበረባቸው። ደወሉ ዝም አለ። ማኅበርተኞቹ አንድ ጊዜ ከደገመ ቤቱ ይዘጋል አሉ።

«ፕሮግራሙ ነው የተበላሸው» አለች አዎር።

«ማን ነገረሽ?»

ምዜ ለሁለቱም ሰሌዳዎች ትንንሽ ኤልኢዲ መብራት ገጠመላቸው፤ አንዷ ስትናገር፣ ሌላዋ ስትሰማ ብልጭ የሚል። በጨለማው ማቀዝቀዣ ክፍል መብራቷ ብልጭ ድርግም ትላለች። የቢሮዋ ድርግም እንዳለች ቀረች።

«ይቺ ታወራለች፣ ያቺ አትሰማም። ጥፋቱ መሐል መንገድ ላይ ነው።» በቅርቡ የተቀየረውን ሽቦ በጣቱ እየዳሰሰ ተከተለው። የመናገሪያው ጫፍ ከመናገሪያ ጋር ታስሯል። «አፍን ከአፍ ገጥማችሁ ጆሮ ትጠብቃላችሁ!»

ሁለቱን ሽቦዎች አቀያየረና የቢሮዋ መብራት ላይ አፈጠጠ።

«እምቢ አለች።»

አዎር ቀና ብላ አየችው። ቀይዋ መብራት ብልጭ ድርግም እያለች ነው። እሱ መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጠረገ፤ አፍንጫው ሰሌዳዋን እስኪነካ ጎነበሰ።

«እምቢ አለች እኮ!»

ልታሾፍበት የምትችልበት ቀን ቢኖር ያ ነበር። አፏ አልታዘዘላትም።

«ምዜ፣ እየበራች ነው» አለችው በቀስታ።

መነጽሩን መልሶ አደረገ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይቀጠቅጣል።

«ቀይዋ?»

«ቀይዋ። በራች... ጠፋች... በራች...»

በድምጿ ልክ ጠረጴዛውን በጣቱ እየመታ አዳመጠ። «እንግዲያ ሰምታለች» አለ። ካቻቪቴውን ኪሱ ሊከት ሲል ሳተው፤ መሬት ወደቀ። አዎር አንስታ በእጁ አስያዘችው።

ማታ ልትሸኘው ስትወጣ ክንዱን ሰጣት። ጎርፍ ያቆረው ኩሬ ጋ በደረሱ ቁጥር «ወደ ግራ» ትለዋለች፤ ወደ ግራ ይሄዳል።